አማካይ ሲያሳስት

በጅቡቲ ከተማ የካርቲየ 1 ውሎ ወጥ አይደለም። ጠዋት ገበያው ይደምቃል። ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ የኢትዮጵያ ጫት ሲገባ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ሙቀቱ በረድ ሲል እንደገና ይከፈታሉ። የሥራ ሳምንቱም እሑድ ተጀምሮ ሐሙስ ያበቃል። የዚህን ሰፈር የቀን ሽያጭ ለ24 ሰዓት አካፍሎ የሰዓቱ አማካይ ይህ ነው ማለት ይቻላል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ሰፈሩን ግን አይገልጽም። የትልልቅ ድርጅቶችን የዳታቤዝ አቅም የሚለካው የሌሊት ሥራም በዚሁ ስሕተት ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ምን እንደሚደመርና ምን እንደሚጣል መወሰን ከቴክኒክ ያለፈ የፍርድ ጉዳይ ነው።

ሜይንፍሬም ባንኮችና አየር መንገዶች ብዙ ሂሳብ በአንዴ የሚያስተናግዱበት ግዙፍ ኮምፒውተር ነው። አይቢኤም በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዲቢ2 የተባለው ዳታቤዝ የሥራውን ልኬት ኤስኤምኤፍ በተባለው መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ዓይነት 100 የአጠቃላይ ሥርዓቱን፣ ዓይነት 101 የእያንዳንዱን ሥራ ወጪ ይይዛል። መዝገቡ በፍጥነት ስለሚከማች፣ ጄሲኤል በተባለ የትእዛዝ ጽሑፍ የተዘጋጀ ባች (በጅምላ የሚካሄድ) ሥራ ሌሊት ያጣራዋል፤ ደምሮም ወደ ታሪክ ሠንጠረዥ ያስገባዋል።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። የዓይነት 100 ቆጣሪዎች ዲቢ2 ከተነሣ ጀምሮ እየተደመሩ ስለሚሄዱ የአንድ ሰዓት ሥራ የሚገኘው የቀደመውን ንባብ ከተከታዩ በመቀነስ ነው፤ ሥርዓቱ በመሀል ጠፍቶ ከተነሣ ልዩነቱ ትርጉም ያጣል። አማካይን ከአማካይ ጋር ማደባለቅ ደግሞ የባሰ ነው። አንድ መቶ ሥራዎች በአማካይ 0.2 ሰከንድ፣ ሌሎች 10 ሥራዎች 2 ሰከንድ ቢፈጁ፣ የሁለቱ አማካዮች አማካይ 1.1 ሰከንድ ይወጣል፤ እውነተኛው ግን 0.36 ገደማ ነው። ስለዚህ ድምሩንና ብዛቱን ለየብቻ ማስቀመጥ፣ ማካፈሉን ለመጨረሻ ማቆየት ይበጃል። ሰዓቱም ይታሰብበት፤ የዲቢ2 የሰዓት ማኅተም ዓለም አቀፉን ሰዓት ስለሚከተል፣ ሦስት ሰዓት ካልተጨመረበት በጅቡቲም በአዲስ አበባም ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተሠራው ለትናንት ይቆጠራል። እሑድን እንደ ዕረፍት የሚቆጥር ሠንጠረዥም ለጅቡቲ አይሆንም።

የቀጥታ መከታተያ ስክሪን ባለበት ዘመን የሌሊት ባች ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ስክሪኑ አሁን የተነሣውን ችግር ያሳያል፤ ጫናው ከዓመት ዓመት ማደጉን፣ አዲስ ማሽን መግዛት ያስፈልግ እንደሆነ የሚመልሰው ግን ታሪክ ነው። ዝርዝሩ ሁሉ ለምን አይቀመጥም የሚለው ጥያቄ ክብደት አለው፤ የቅርቡ ዝርዝር ሊቆይ ይገባል። የዓመታት ዝርዝር ግን ማከማቻ ይፈጃል፣ ፈላጊውንም ያደክማል። ማጠቃለል ግድ ከሆነ የከፍታውን ሰዓት የሚይዝ ማጠቃለያ ይሁን፤ በካርቲየ 1 ሰልፍ ረጅም የሚሆነው ሁሉም ሰው ገበያ በወጣበት ሰዓት ነውና፣ ማሽን መገዛት ያለበትም ለዚያ ሰዓት ነው።