ለወፈረ ውሻ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል?

ሰው ከመጠን በላይ ሲወፍር ጨጓራው በቀዶ ሕክምና ይቀነስለታል። ለወፈረ ውሻስ ለምን አይደረግም? መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ነገር አስደነቀኝ፤ ለሰው መንገዱን የጠረጉት ውሾች ናቸው! እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ሚኒሶታ ሐኪሞች የውሾች ቀጭን አንጀት ከፊሉ ምግብ እንዳያልፍበት አድርገው ሲከታተሉ፣ የታችኛው ክፍል የታለፈባቸው ውሾች ስብ መምጠጥ ተስኗቸው ከሱ።

ያም ሆኖ ሕክምናው ለውሾች የተለመደ አልሆነም። ሰው ራሱ ማድ ቤት ገብቶ ይበላል፤ ስለዚህ ጨጓራው ሲጠብና ከሆድ ዕቃው የሚመነጩት የረኃብና የጥጋብ ሆርሞኖች ሲለወጡ ይጠቀማል። የውሻን ሳህን የሚሞላው ግን ባለቤቱ ነው። የባለቤቱ እጅ ሳይሰበሰብ ውሻውን ማደንዘዝና ሆዱን መቅደድ ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም።

«ውሻዬ ሁሌ እንደራበው ነው» የሚል ሰው ግን እውነቱን ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ፒኦኤምሲ የተባለው ዘረ-መል በአንዳንድ ላብራዶሮች ላይ ቁራጭ እንደሚጎድለው አወቁ፤ በብሪታንያ ከአራት ላብራዶር አንዱ ገደማ እንዲህ ነው። ረኃብን የሚገታው መልእክት በአንጎላቸው ውስጥ በደንብ አይተላለፍም። በ2024 ደግሞ ይህ ጉድለት ያለባቸው ውሾች በምግብ መካከል ቶሎ እንደሚርባቸው፣ ዐርፈው ሳሉ የሚያቃጥሉት ጉልበትም ከሌሎቹ በ25 በመቶ ገደማ እንደሚያንስ ታየ። አስቡት፣ የበለጠ እየራበው ትንሽ የሚበቃው እንስሳ! ስግብግብ ብለን መገሠጽ ግፍ ነው።

ቢሆንም ምግብ መመጠን ይሠራል። የእንስሳት ምግብ አምራቹ ፑሪና አብረው የተወለዱ ላብራዶሮችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ዕድሜ ልካቸውን ተከታትሏል። 48 ነበሩ፤ ግማሾቹ ከጥንዳቸው 25 በመቶ ያነሰ ይመገቡ ነበር። በ2002 በታተመው ውጤት ያነሰ የተመገቡት የኖሩት መካከለኛ ዕድሜ 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ነበር፤ የመገጣጠሚያ ሕመምም ዘግይቶ ነው የጀመራቸው።

የውሻችሁን ጎን ዳብሱት። የጎድን አጥንቱ ሳትጫኑ ካልተሰማችሁ ወፍሯል ማለት ነው። የታይሮይድ ዕጢ መድከምም ስለሚያወፍር መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ከዚያ ምግቡን በሲኒ ሳይሆን በሚዛን ለኩ፤ በየመሐሉ የሚጣልለትም ይቆጠር። ለሚርበው ውሻ ያንኑ የቀን ድርሻ ከፋፍላችሁ ስጡት፤ ወይም እያሸተተ እንዲፈልገው ሣር ላይ በትኑለት። በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ከቀነሰ በቂ ነው።