ከአሻንጉሊቱ አጠገብ ማን ቆሟል?

ስለ ሕክምና ትምህርት ጥራት ሲወራ ታብሌት፣ የርቀት ትምህርት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሳይነሱ አይቀሩም። ሰሚው ችግሩ የዕቃ እጥረት ብቻ ይመስለዋል። ዕቃው ያስፈልጋል። ተማሪው ሲሠራ ቆሞ የሚያይና የሚያርም መምህር ሰዓት ግን የዕቃውን ያህል ሲነሳ አይሰማም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከአጋሮቹ ጋር፣ ሲወለዱ የማይተነፍሱ ጨቅላዎችን ለመርዳት አንድ ሥልጠና ጀመረ። መለማመጃው ውኃ ሲሞሉት የጨቅላ ክብደት የሚኖረው አሻንጉሊት ነው። ጭንብሉ ፊቱ ላይ በደንብ ካልገጠመ ደረቱ አይነሳም። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ውድም አይደለም። ደረቱ አለመነሳቱን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። አንገቱ ከልክ በላይ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ይሁን፣ ጣት ላልቶ አየር እያመለጠ ይሁን፣ ለተማሪው ለይቶ የሚነግረው አጠገቡ የቆመ መምህር ነው። እጅ ደግሞ ይረሳል፤ ዛሬ የተካነበትን ካልደጋገመው በወራት ውስጥ ይዳከማል። ስለዚህ መምህሩ አንድ ቀን አሳይቶ መሄዱ አይበቃም።

መምህሩ ከተማሪው አጠገብ የሚቆምበት ሰዓት ግን በጀት የለውም። ዕቃ በፕሮጀክት ይመጣል፣ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሳል። መምህሩ ግን ዋርድ ውስጥ ያክማል፣ ተረኛ ያድራል፣ በተረፈችው ጊዜ ያስተምራል። በ2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን የሚቀበለው አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በ13 ተቋማት ሲጀመር፣ ሐኪም በብዛት ማፍራት ለአገሪቱ የግድ ነበር። አስተማሪ ሐኪም ግን በዚያ ፍጥነት አይገኝም። ተማሪው በዝቶ መምህሩ ሲያንስ፣ ራውንድ (የሕመምተኞች ጉብኝት) ላይ ከኋላ የቆመ ተማሪ የሚያየው የሕመምተኛውን ሆድ ሳይሆን የጓደኛውን ጀርባ ነው።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ሌክቸር ወደ ስልክ ገባ፤ ጠቅሟልም። ዛሬ «ሃሪሰን»ን የመሰለ ወፍራም የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ በቴሌግራም ይዞራል። ንባብ በዚህ ቀልሏል። ያበጠ ጣፊያን በእጅ ዳስሶ ማግኘት ግን በስልክ አይለመድም። እኔን የሚያሳስበኝ ቪዲዮውና አሻንጉሊቱ «አሁንማ ተማሪ መጨመር እንችላለን» ለማለት ምክንያት መሆናቸው ነው።

አንድ ኮሌጅ ስኪል ላብ (የክህሎት መለማመጃ ክፍል) ከፈትኩ ሲል ስንት አሻንጉሊት እንዳለው መጠየቅ ለምደናል። መጠየቅ ያለብን ግን ሌላ ነው፦ የክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው? ማታና ቅዳሜ ይከፈታል? መምህሩ እዚያ ለሚያሳልፈው ሰዓት ከዋርድ ሥራው ይቀነስለታል? እነዚህ መልስ ካላገኙ ልምምዱ አይቀርም፤ ቦታውን ይቀይራል እንጂ። የመጀመሪያው ስህተት በአሻንጉሊት ላይ መሆኑ ቀርቶ በሰው ላይ ይሆናል፤ ያም ሰው ብዙውን ጊዜ ሐኪሙን መምረጥ የማይችል፣ ካርድ አውጥቶ ወረፋ የሚጠብቅ የመንግሥት ሆስፒታል ታካሚ ነው።