ስለ ዓሣ ኩሬ ውኃና ስለ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል

የመተማ ቆላ ሰው ከዓሣ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። በሽንፋ ወንዝ ዳር ቁፋሮ ያካሄዱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት እንዳስታወቁት፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ሰፍረው የነበሩ ሰዎች በበጋ ወንዙ ሲቆራረጥ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ እየያዙ ይመገቡ ነበር። የጓንግና የሽንፋ ወንዞች ጠባይ አሁንም ይኸው ነው፤ በክረምት ደለል ተሸክመው ወደ ሱዳን ይጎርፋሉ፤ በጋው ሲጠና ግን ወራጁ ይመነምንና ውኃው ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ከዚያው ኩሬ ሰው ይቀዳል፣ ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ዓሣም ይጠመዳል።

ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ማርባት ለቤተሰብ ገንቢ ምግብ የሚያስገኝ ሥራ ስለሆነ እኛም የምንደግፈው ነው። ችግሩ የሚመጣው ከቆመው ውኃ ነው። የመኖው ትርፍራፊና የዓሣው ዓይነ ምድር ለውኃው እንደ ፍግ ስለሚሆኑት፣ በዓይን የማይታዩ አረንጓዴ ዕፅዋት ይበዙበትና መልኩ እንደ ጎመን ቅቅል ይሆናል። እነዚህ ዕፅዋት ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም ከውኃው ይወስዳሉ። ስለዚህ ዓሣ አርቢው ሊነጋጋ ሲል ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ እያወጡ ሲያለከልኩ ያገኛቸዋል። የቆላው ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ 20 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውኃ በአንድ ሊትር እስከ 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ 30 ዲግሪ የሆነው ከ7.5 ሚሊግራም አይበልጥምና።

እንዲህ ያለውን ውኃ የሚያጠራ እንስሳ አለ ሲባል የሰማ ሰው አለ ይባላልን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አዎን፣ አለ። ይኸውም በወንዝና በሐይቅ ወለል ጭቃና አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ሁለት ክዳን ያለው ዛጎል ነው። በጣና ሐይቅም ሆነ በናይል ተፋሰስ ወንዞች ልዩ ልዩ ወገኖቹ ይገኛሉ፤ ከእነርሱም አንዱ በድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ነው። ይህ እንስሳ አያሳድድም፣ አይግጥምም፤ ክዳኑን በጥቂቱ ከፍቶ ውኃ ይስባል፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች ባሉበት መተንፈሻው ውስጥ ያሳልፈዋል፤ በዚያም አረንጓዴውን ዕፅ፣ ብናኙንና ረቂቅ ተሕዋስያኑን ይዞ ያስቀርና ውኃውን መልሶ ያስወጣል።

ጠላ የምታጠል ሴት አተላው የት እንደሚደርስ ታውቃለች። ዛጎሉስ አተላውን ወዴት ያደርሰዋል? ከያዘው የሚስማማውን ይበላል፤ የማይስማማውን በልጋግ ጠቅልሎ ወደ ወለሉ ይጥለዋል፤ የበላውም ቢሆን ዞሮ ዓይነ ምድር ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ጉድፉ ከላይ ወደ ታች ወረደ እንጂ ከኩሬው አልወጣም። ከዓሣው የሚወጣውና በውኃው ውስጥ የሚሟሟው አሞንያ የተባለው መርዝም በዚህ ወንፊት አይያዝም፤ እንዲያውም ዛጎሉ ራሱ ጥቂት ይጨምርበታል። ወለሉን በየጊዜው ያልጠረገ፣ ውኃውንም ያልለወጠ አርቢ የጠራ መርዝ ይዞ ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው።

ልኩንም በሒሳብ እንየው፤ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡት ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል። 20 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ 200,000 ሊትር ውኃ ይይዛል። ዛጎሉ የሚያጠለው እንደ መጠኑና እንደ ውኃው ሁኔታ የሚለያይ ቢሆንም፣ ለአንዱ በቀን 20 ሊትር ብለን ብንቆጥርለት የኩሬውን ውኃ በአንድ ቀን አንድ ጊዜ ለማጥለል 10,000 ዛጎል ያስፈልጋል። 500 ብቻ ያስገባ ሰው 20 ቀን ይጠብቃል፤ እስከዚያው ዓሣው ስንት ጊዜ ያጎድፋል! አሥር ሺሁን ከወንዝ ለቅሞ ማምጣት ደግሞ ወንዙን ማራቆት ነው። የብዙዎቹ ጫጩቶች በመጀመሪያ ዕድሜያቸው በዓሣ ክንፍ ወይም መተንፈሻ ላይ ተጣብቀው ካልቆዩ ስለማያድጉ፣ የተራቆተው ወንዝ በቶሎ አይተካም።

ቻይናውያን አርቢዎች ዕንቁ የሚሰጠውን ዛጎል ከዓሣ ጋር በአንድ ኩሬ ያሳድጋሉ። እኛ ግን ለቆላው የምንመርጠው ዛጎሉ ከዓሣው ኩሬ የሚወጣው ውኃ በሚያልፍበት ቦይ ወይም ትንሽ ሁለተኛ ኩሬ ውስጥ፣ በጥላ ሥር እንዲሆን ነው። ምክንያቱም ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ያንኑ አረንጓዴ ዕፅ ስለሚመገብ ዛጎሉ ምግቡን ይሻማዋል፤ አምባዛም ጭቃውን እየበጠበጠ ያስቸግራል። ዛጎሉ ራሱ በኦክስጅን የሚኖር ነውና በሙቀት ጊዜ ቢሞት በክዳኑ ውስጥ ይበሰብስና ኩሬውን ከቀድሞው የባሰ ያገማዋል። ስለዚህ በየዕለቱ መጎብኘት፣ ክዳኑን ከፍቶ ሲነኩት የማይዘጋውን ወዲያው ማውጣት ያስፈልጋል። ሥራውን ከመጀመር በፊት የባሕር ዳሩን ወይም የሰበታውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ማማከር ይበጃል።

ከውጭ አገር ዛጎል ማስመጣት ግን ፈጽሞ አይገባም። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች እ.ኤ.አ. በ1988 የተገኘ ከአውሮፓ በመርከብ የገባ ትንሽ ዛጎል የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ብዙ ኪሳራ አድርሷል። የእምቦጭን ነገር ለጣና ጎረቤት ማስረዳት የሚያስፈልገን አይመስለንም።

አሁን ጤናን ወደሚመለከተው ዋና ነገር እንመጣለን። ዛጎል ያጠራው ውኃ ለዓይን ደስ ይላል፤ ለመጠጥ ግን አልተፈቀደም። ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን ብዛታቸው ቢቀንስም ፈጽመው አይጠፉም፤ የቀሩት ሊያሳምሙ ይችላሉና ውኃው ካልተንተከተከ ወይም በክሎሪን ካልታከመ አይጠጣ። በወንፊቱ የተያዙትም በእንስሳው አካል ውስጥ ይከማቻሉ። ከሰሊጥና ከጥጥ እርሻ ታጥቦ የሚወርድ የጸረ ተባይና የጸረ አረም መርዝ ባለበት ቦታም እርሱንም ያጠራቅማል። ስለዚህ ውኃ ለማጥራት የተቀመጠ ዛጎል ለሰው ምግብ አይሆንም፤ ለዶሮም አይሰጥ። የዋርሶ ከተማ ውኃ ክፍል ይህን ጠባዩን በብልሃት ተጠቅሞበታል፤ በዛጎሎች ክዳን ላይ መሣሪያ አያይዞ፣ ውኃው ሲበከል ክዳናቸውን በአንድነት ሲዘጉ ማስጠንቀቂያ እንዲሰማ አድርጓል። እዚያም ቢሆን ዛጎሎቹ ዘበኞች ናቸው እንጂ ውኃውን ለመጠጥ የሚያበቁት እነርሱ አይደሉም።

ዛጎሉን ከቀንድ አውጣ መለየትም ያስፈልጋል። ቀንድ አውጣ አንድ የተጠማዘዘ ቤት ተሸክሞ በሣርና በቅጠል ላይ ይሄዳል፤ ከወገኖቹም አንዳንዶቹ የቢልሃርዚያ ትል ማደጊያ ናቸው። የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ውኃ ውስጥ ሲገባ ተፈልፍሎ ወደ ቀንድ አውጣው ይገባል፤ በዚያ ተባዝቶ ይወጣና በውኃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ያልፋል። ባለ ሁለት ክዳኑ ዛጎል በዚህ ወንጀል የለበትም። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ኩሬ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ዛጎል ልልቀም ብሎ በባዶ እግሩ የገባ ልጅ ቢልሃርዚያ ይዞ ሊወጣ ይችላል። የኩሬውን ዳር ሣር ማጨድ ቀንድ አውጣውንም የወባ ትንኝ እጭንም መሸሸጊያ ያሳጣል። በኩሬ አጠገብ መጸዳዳትም ክልክል ይሁን። ሽንቱ ደም የቀላቀለ ወይም ሆዱን የሚቆርጠውና ደም የሚያስቀምጠው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት አለው።

ነገሩን በዓይናቸው ሊያሳዩ ለሚፈልጉ መምህራን ቀላል መንገድ አለ። ቦት ጫማና የላስቲክ ጓንት ያደረገ አዋቂ ሰው አንድ ሕያው ዛጎልና አንድ ባልዲ አረንጓዴ ውኃ ያምጣ፤ ተማሪ አይላክ። የቢልሃርዚያው ትል ከቀንድ አውጣ ከወጣ በኋላ ከ48 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ፣ ቀንድ አውጣ የሌለበት መሆኑ የተረጋገጠው ውኃ ተከድኖ 2 ቀን ይቀመጥ፤ ዛጎሉም በሌላ ዕቃ በንጹሕ የጉድጓድ ውኃ ይቆይ። ከዚያም ውኃው በሁለት እኩል አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ይከፈልና በአንደኛው ብቻ ዛጎሉ ይግባ። ከጠርሙሶቹ ኋላ የታተመ ወረቀት ይቁም፤ ተማሪዎች በየሰዓቱ ፊደሉ በየትኛው በኩል ቀድሞ እንደሚነበብ ይመዝግቡ። ሲፈጸም ዛጎሉ ወደ መጣበት ቦታ ይመለስ፤ ውኃው በዛፍ ሥር ይፍሰስ፤ የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጠርሙሶቹም ዳግመኛ ለመጠጥ አይዋሉ።