ፍሪጁ ድንገት ቢቆም

ሐምራ ውስጥ ፍሪጅ ድንገት ሲቆም «አበላሸሁት» ብላችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ በሩን ከፍታችሁ የውስጡን መብራት እዩ።

መብራቱ ከጠፋ ዲጆንክተሩን ተመልከቱ። 5 አምፔር የጄኔሬተር ኢሽቲራክ የሚችለው 1,100 ዋት ገደማ ነው፤ ካውያ ብቻውን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ካውያውን ነቅላችሁ ዲጆንክተሩን መልሱት። ደግሞ ከወረደ አትንኩት።

መብራቱ እየበራ ሞተሩ ዝም ካለ የቅዝቃዜ ቁልፉ ዜሮ ላይ እንዳይሆን እዩ። ፍሪጁን ነቅላችሁ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሰኩት። በረዶውን በቢላ አትፋቁ፤ ቧንቧው ይበሳል።

በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ 4 ሰዓት፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ይይዛል።

ካልተነሣ የቆመበትን ሰዓት ጨምራችሁ ቶሎ ንገሩ፦ «ማዳም፣ ኢል-ባራድ ማ ዓም ይሽትግል»፤ ፍሪጁ እየሠራ አይደለም ማለት ነው። ሥጋው ከተበላሸ በኋላ ከመጠየቅ ቀድሞ መናገር ይሻላል።