የካሜራ የብርሃን ልኬት፦ የትኛው መቼ?

የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያነበው ከሚነሳው ነገር ላይ ነጥሮ የሚመጣውን ብርሃን ነው፤ ያየውንም ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። የጥምቀት ዕለት ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ፎቶውን ሲሞላው ልብሱ አመድማ የሚሆነው ለዚህ ነው። እንዲህ ሲሆን የኤክስፖዠር ማካካሻውን ወደ +1 ከፍ ማድረግ ነጩን ወደ ነጭነቱ ይመልሰዋል።

ለዕለት ተዕለት ፎቶ፣ ምስሉን ከፋፍሎ የሚለካው ስልት ይበቃል፤ ኒከን ማትሪክስ፣ ካኖን ኢቫሉዌቲቭ ይሉታል። መሃሉን አብልጦ የሚለካው የሚጠቅመው ዋናው ነገር መሃል ላይ ሲቀመጥ ነው።

መስኮት ከጀርባው ላለ ሰው ግን ትንሽ ነጥብ ብቻ የሚለካው ስፖት ይሻላል። ልኬቱ ፊቱ ላይ ይወሰድና ተቆልፎ ፎቶው ይቀናበራል። ጠቆር ያለ ፊት ከግራጫው ስለሚጠቁር ካሜራው ከመጠን በላይ ያፈካዋል፤ ስለዚህ ማካካሻውን ጥቂት ዝቅ ማድረግ የቆዳውን እውነተኛ ቀለም ያወጣል።