በሳሙና አረፋ የሚፈተን ብረት

በፋብሪካ ግቢዎች አልኮል፣ ቲነር ወይም ሌላ ኬሚካል የሚያመላልስ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ታንክ አለ። ብዙውን ጊዜ 1,000 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከሥሩ የፎርክሊፍት ሹካ መግቢያ፣ ከላይ ሰፊ ክዳን፣ ከታች መቅጃ ቫልቭ አለው። የሙያው ሰዎች አይቢሲ ይሉታል። ባዶ ሲሆን ታጥቦ እንደገና ይሞላል፤ ለዓመታትም ይመላለሳል። በዚህ መሀል ፎርክሊፍት ይገጨዋል፣ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ጋስኬቱ ይደርቃል።

ስለዚህ የአደገኛ ዕቃዎችን ማጓጓዝ የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቀን ቆርጦለታል። ቢበዛ በየ2 ዓመት ከመንፈቁ የውጭ አካሉና ቫልቮቹ ይታያሉ፣ ፍሳሽ እንደሌለውም ይፈተሻል። በየ5 ዓመቱ ደግሞ ውስጡ ጭምር ይመረመራል።

የውስጡ ምርመራ ቀላል ሥራ አይደለም። ቲነር የነበረበት ታንክ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ይበልጥ ያስፈራል፤ የቀረችው ጠብታ ተንና ከአየር ጋር ስትቀላቀል አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ ትበቃታለች። ስለዚህ በደንብ ሳይታጠብና ውስጡ ያለው አየር በመሣሪያ ሳይለካ ማንም አንገቱን ወደ ክዳኑ ማስገባት የለበትም። ይህን ለማለፍ የሚያበቃ ጥድፊያ የለም።

የፍሳሽ ፍተሻው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ታንኩ ተዘግቶ 0.2 ባር አየር ይሞላና ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆያል። ፈታሹ በብሩሽ የሳሙና ውኃ እየቀባ በየብየዳው መስመር፣ በቫልቩ አንገትና ፎርክሊፍት በሚነካካው የታችኛው ጠርዝ ይሄዳል። ዓይን የማያየው ቀዳዳ ካለ ከዚያው ቦታ ነጭ አረፋ ተከታትሎ ይወጣል። የግፊት መለኪያው ገና ሳይንቀሳቀስ አረፋው ቦታውን ያሳያል፤ የዚህ ርካሽ ዘዴ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው።

0.2 ባር ከመኪና ጎማ ግፊት አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን የታንኩ ጣሪያ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቢሆን ከውስጥ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል የ2 ቶን ክብደት ያህል ነው። ኮምፕሬሰሩን ያለ ግፊት መቆጣጠሪያ መክፈት አደጋ የሚሆነው ለዚህ ነው። አዲስ ሞዴል ሲጸድቅ የሚደረገው የ2 ባር ፈተና ደግሞ በዚያው ጣሪያ ላይ 20 ቶን ያህል ያሳርፋል፤ በዚህ ጊዜ የሚሞላው ውኃ ነው። ውኃ እምብዛም ስለማይታመቅ ላሜራው ቢሰነጠቅ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል። የታመቀ አየር ግን ብረቱን ቀዶ ይፈነዳል።

ያለፈ ታንክ የተፈተነበት ወርና ዓመት አካሉ ላይ ይጻፍበታል። ያገለገለ አይቢሲ የሚገዛ ሰው ስለ ዋጋው ከመነጋገሩ በፊት ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ይሻላል። የቀጣዩ ፍተሻ ቀን ካለፈበት አደገኛ ፈሳሽ አይሞላበትም፤ ቀኑ ሳያልፍ ተሞልቶ ከሆነ ግን ከዚያ በኋላ እስከ 3 ወር ሊጓጓዝ ይችላል። ተጋጭቶ የተጠገነ ታንክ ደግሞ የቀጣዩ ፍተሻ ቀን ገና ቢሆንም ሙሉ ፍተሻውን እንደገና ያልፋል።