የብጉር ጠባሳ

ቆዳችን ወዝ አለው። የወዙ መውጫ ቀዳዳ ሲደፈን ቆዳው ያብጣል፤ ይመግላልም። ብጉር የምንለው ይህን ነው። ጎረምሳውም ኮረዳዋም ብጉር ሲወጣባቸው እጃቸው አያርፍም። በጥፍር ይጨምቁታል፤ ያፈርጡታል። ጠባሳ የሚያበዛውም ይኸው ነው።

ጥቁር ምልክት ብቻ ከሆነ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ጎድጉዶ የቀረው ግን በመታጠብ አይሞላም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጠዋትና ማታ ፊታችንን በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እንታጠብ። በሻካራ ጨርቅ አንፈትገው። ፀሐይ ምልክቱን ይበልጥ ታጠቁረዋለች። ስለዚህ እርሻም ሆነ ገበያ ስንወጣ ባርኔጣ እናድርግ፤ ወይም ነጠላ እንከናነብ። ፀጉራችንን ቅቤ ስንቀባ ወደ ግንባር የሚወርደውን እንጥረግ፤ ቀዳዳውን ይደፍናልና። ቅቤውን ተዉት ማለታችን አይደለም።

ሎሚ ማሸት ቆዳን ያቃጥላል። በየገበያው «ፊት ያቀላል» እየተባለ የሚሸጠው ቅባት ደግሞ የባሰ ነው። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። አንዳንዱም ቆዳን የሚያሳሳ መድኃኒት አለበት። ሲቀቡት ፊት ያማረ ይመስላል፤ ሲተዉት ብጉሩ ብሶ ይመለሳል። ገንዘባችንን ለዚህ አናውጣ።

ብጉሩ ትልልቅና የሚያም ከሆነ ፊታችንን ሳያጎደጉድ ጤና ጣቢያ ሄደን እንታይ።